ጉማራ ባይሞላ ኖሮ

የራሰ ባና ሽታን የማያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ግማሹን ብቻ ነው የሚያነበው፤ ምን ላድርግ። ባና ደገኞች ከበግ ጠጉር ፈትለው የሚያሠሩት፣ ከጋቢ የሚከብድና የሚሻክር መደረቢያ ነው። ደረቅ ሲሆን እምብዛም አይሸትም፤ ዝናብ ሲነካው ግን በጉ ራሱ ተመልሶ የመጣ ይመስላል። ባለፈው ሳምንት በምሠራበት ሆስፒታል አንድ ከጉና በኩል የመጡ ሽማግሌ ባናቸውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቁ ነበር። ውጭው የነሐሴ ዝናብ ነው፤ ከባናው ጫፍ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ አጎንብሼ የአንዲትን በሽተኛ የጠዋት ሁኔታ በእንግሊዝኛ ካርድ ላይ እጽፋለሁ። ሽታው ሲደርሰኝ እስክሪብቶዬ ቆመ፤ ጣቴ በራሱ ጊዜ ጠረጴዛውን መምታት ጀመረ፤ ከንፈሬም ተንቀሳቀሰ። አጠገቤ ያለችው ወጣት ነርስ ሳቋን ለመደበቅ እየታገለች «ሲስተር፣ ማሕሌት ቆሙ እንዴ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ሠርቼ፣ ስንት ሥልጠና ወስጄ፣ ዛሬም አንድ የእንግሊዝኛ ግስ ባለፈ ጊዜ ልጽፍ ስል ከአለቃው ጀምሬ ካላዜምኩት አይመጣልኝም። ለሷ እንዴት ብዬ ላስረዳት።

ያ ሽታ ለእኔ የእንግሊዝኛ ሽታ ነው። ሌላው ሰው እንግሊዝኛ ሲባል ሬዲዮ ወይም መጽሐፍ ትዝ ይለው ይሆናል፤ እኔን ትዝ የሚለኝ ደብረ ታቦር ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ መምህርና ተማሪ በከንፈር እንቅስቃሴ ብቻ የሚግባቡበት፣ መስኮቱ መስታወት ያልነበረው የስምንተኛ ክፍል ነው። ከተጨናነቅንበት አግዳሚ የሚነሣው የራሰ ልብስ እንፋሎት፣ የጠመኔው ብናኝ፣ ከየኪሳችን የሚሸተው የገብስ ቆሎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ክፍል የሚገቡት መምህራችን ከትከሻቸው አውርደው በሩ ላይ የሚሰቅሉት፣ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ወለሉ ላይ ሲያንጠባጥብ የሚያረፍደው ባና።

እኔ የጉና ሥር ልጅ ነኝ። በቀበሌያችን የነበረው ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ላይ ያልቅ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲያ መማር የፈለገ ደብረ ታቦር ወርዶ ቤት ተከራይቶ፣ ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤተሰቡ እየወጣ፣ እሁድ በሶውንና ድንቹን ተሸክሞ እየተመለሰ ነው የሚማረው። መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው ይህ የሆነው። ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችን፤ ስንተኛ አንዷ ካልዞረች ሌላዋ መዞር አትችልም። አባቴ መጀመሪያ ሲሸኙኝ ቃላቸው አጭር ነበር፤ «ሚኒስትሪውን ካለፍሽ ትቀጥያለሽ፤ እኔም ስንቅሽን አላቋርጥም። ከወደቅሽ ግን ሁለተኛ ሙከራ የለም፤ ትመጫለሽ፣ ጎጆ ትወጫለሽ።» ሚኒስትሪ የምንለው የስምንተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተናውን ነው። ጎጆ መውጣት ምን እንደሆነ ደግሞ በእኛ አገር ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ አይተረጎምላትም፤ የታላቅ እኅቴን ጎጆ በየሳምንቱ ዓርብ በደጁ እያለፍኩ አየው ነበር።

ሒሳቡን አልፈራውም ነበር፤ አማርኛውማ የእኛው ነው። የሚያስፈራኝ እንግሊዝኛ ብቻ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል ይዤው የመጣሁት እንግሊዝኛ የሰውነት ክፍሎችን ስም መጥራትና መምህር ሲገባ ተነሥቶ እንደምን አደሩ ማለት ነው፤ በዚያ ደግሞ ማንም ሚኒስትሪ አልፎ አያውቅም።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ስማቸው መምህር ምስጋናው ነበር፤ ከተማው ግን የኔታ እንግሊዝ ይላቸዋል፣ ግማሹ በፍቅር ግማሹ በፌዝ። ወጣትነታቸውን በቅኔ ቤት የጨረሱ፣ በኋላ በትልቅነታቸው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብተው ከልጆች ጋር ተቀምጠው የተማሩ ሰው ናቸው። ከኮሌጅ የመጡት ወጣት መምህራን በአነጋገራቸው ይስቁ ነበር። ሐቁን ለመናገር ያስቃል። የእንግሊዝኛውን ቃል ልክ እንደ ግዕዝ ንባብ ተነሽ ነው ወዳቂ ነው ብለው መርምረው፣ መጣል ያለበትን ጥለው ማንሣት ያለበትን አንሥተው ነው የሚያነቡት። እኛ ግን ሌላ እንግሊዝኛ ሰምተን ስለማናውቅ እንግሊዞቹ ራሳቸው እንዲያ የሚናገሩ ይመስለን ነበር፤ በኋላ አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ሲናገር ስሰማ ዜማው የጎደለው መስሎኝ አዘንኩለት።

በቅኔ ቤት የግዕዝ ግስ ሲጠና አንዱ ግስ አለቃ ይሆንና እንደሱ እየተለዋወጡ የሚረቡት ሁሉ ሠራዊቱ ተብለው ከኋላው ይሰለፋሉ። የኔታ ይህን ሥርዓት እንዳለ አንሥተው እንግሊዝኛው ላይ ጫኑት። ብሪንግ አለቃ ነው፤ እሱ ብሮት ብሎ ሲወጣ ቲንክ ቶት ብሎ፣ ባይ ቦት ብሎ ይከተለዋል። ሲንግ አለቃ ነው፤ ሲንግ፣ ሳንግ፣ ሰንግ ሲል ሪንግም ድሪንክም ከኋላው ይጎርፋሉ። ፑትና ከት፣ ትናንትም ዛሬም ያው የሆኑት፣ መነኮሳት ናቸው፤ «ዓለም ቢለዋወጥ እነሱ ምን ገዷቸው» ይሉ ነበር የኔታ። መጨረሻቸው ላይ ኢድ ብቻ እየጨመሩ የሚያልፉት ብዙዎቹ ግሶች ደግሞ ሕዝቡ ናቸው፤ ለሕዝቡ ዜማ አይወጣለትም። ጎ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «ጎ ባሕታዊ ነው። ዌንት ብሎ ብቻውን በረሃ ገባ፤ ሠራዊት የለው፣ የተከተለው የለ።» እስከ ዛሬ ዌንት የምትል ቃል ስጽፍ ሜዳ ላይ ብቻውን የሚሄድ ሰው ጀርባ ይታየኛል።

ማስመሪያቸውን እንደ መቋሚያ ይዘው ወለሉን ይመታሉ፤ እኛ አርባ ልጆች ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተወዛወዝን እንቀበላለን። ከአጠገባችን ያለው ክፍል መምህር ግድግዳውን ሲደበድብብን እንኳ ዝናቡ ይመስለን ነበር። ግሩም ነገር ነው። በስድስት ዓመት ያልገባኝ እንግሊዝኛ በስድስት ወር እግሬ ውስጥ፣ ትከሻዬ ውስጥ ገባ። ትናንት የሚባለው ነገር የራሱ ልብስ ያለው መሆኑ፣ አንድ ቃል ሌሊት አድሮ ጠዋት ሌላ ሆኖ መነሣቱ፣ ይህን ሁሉ ሥርዓት ደግሞ ማንም በጉባኤ ሳይወስነው ሕፃኑም ሽማግሌው ሳይስት መናገሩ አፍ ያስከፍተኝ ነበር። አንድ ችግር ብቻ ነበረው፤ በዜማ የያዘ ሰው ከመሀል መጀመር አይችልም። ሳንግ የሚለውን ለማግኘት ከአለቃው ተነሥቼ፣ ሠራዊቱን አሳልፌ፣ እየተወዛወዝኩ ነው የምደርስበት። ያ ችግር ምን ሊያመጣብኝ እንደሚችል አላሰብኩትም።

ሚያዝያ ግድም ይመስለኛል፣ አንድ ቀን የኔታ ገብተው እንደ ወትሮው ማስመሪያውን አላነሡም። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ኢፍ ብለው ጽፈው ወደ እኛ ዞሩ። «እስካሁን የሆነውን ስትናገሩ ነው የቆያችሁ» አሉ። «መጣ፣ ሄደ፣ በላ። ይህ ማንም የሚችለው ነው። ዛሬ የምትማሩ ያልሆነውን መናገር ነው። ሳይሆን ያለፈውን። እግዜር የሆነውንም ያልሆነውንም ያውቃል፤ ሰው ግን ያልሆነውን ሊያይ ሲፈልግ በዚህች በር ብቻ ነው የሚገባ።»

ጠጉሬ ቆመ ብል ማጋነን አይደለም። ያልሆነ ነገር እንዴት ያለፈ ጊዜ ይኖረዋል? ያልተወለደ ሰው እንዴት ያረጃል? ለካ የገዛ አማርኛችንም «ቢሆን ኖሮ» ይላል፤ አፍ ከፈታን ጀምሮ ስንለው ኖረን አንዳችንም ቀና ብለን አላየነውም። በየቀኑ የምናልፍበት አጥር ውስጥ በር እንዳለ በሌላ አገር ቋንቋ ተነገረን። ያን ዕለት ክፍሉ ውስጥ ቆሎ የቆረጠመ ልጅ አልነበረም።

ከዚያ የኔታ ያቺን ዐረፍተ ነገር ጻፏት። ኢፍ ዘ ሪቨር ሃድ ኖት ሪዝን፣ አይ ውድ ሃቭ ሪችድ ማይ ማዘር። ወንዙ ባይሞላ ኖሮ እናቴ ዘንድ እደርስ ነበር። ጽፈው ከጨረሱም በኋላ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አድርገው ጥቂት ቆዩ፤ እኛ የመገልበጫ ጊዜ የሰጡን መስሎን ቸኩለን ገለበጥን። «ምሳሌያችን ይች ናት፤ ሌላ አያስፈልግም» አሉ። ዜማ አወጡላት፤ እንደ ግሶቹ የሚያስጨፍር ሳይሆን ዝቅ ያለ፣ የዐቢይ ጾም ዜማ የሚመስል። ከእኛ በፊት የተማሩትን ስንጠይቅ እነሱም ያቺኑ ነበር የተማሩት። በየዓመቱ ያቺው ናት። ሌሎቹ መምህራን ከመጽሐፉ ሃያ ምሳሌ ሲያወጡ የእኛ መምህር አንዲት ምሳሌ ይዘው መኖራቸው ለእኛ የስንፍና ወይም የእርጅና ምልክት ይመስለን ነበርና በዚያም ቀልደንባቸዋል፤ ይቅር ይበለን።

ዓርብ ወደ ጉና ስንወጣ መንገዱን ሙሉ ያልሆነውን ስናወራ ሄድን። ጉና ሜዳ ቢሆን ኖሮ አሁን ደርሰን ነበር። በቅሎ ቢኖረን ኖሮ እግራችን ባልተላጠ ነበር። አንደኛዋ ጓደኛዬ «ወንድ ሆኜ ቢሆን ኖሮ» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም፤ እኛም ጨርሺው አላልናትም። ቤት ስገባ እናቴ ላይ ቀጠልኩ፤ ዝናቡ ባይዘንብ ኖሮ፣ በጓ ባትጠፋ ኖሮ እያልኩ ዙሪያዋን ስዞር፣ እናቴ ድንቹን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «ያልሆነውን ተይና የሆነውን ላጪ» አለችኝ። ጤነኛ፣ ጠንካራ፣ አፈኛ ሴት ናት፤ ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል።

ሰኔ ላይ ለሚኒስትሪ ተቀመጥን። የራሳችን መምህራን አይፈትኑንም፤ ፈታኝ ከሌላ ወረዳ ነው የሚመጣው። ለእኛ ክፍል የደረሰን ቀጠን ያለ፣ ጫማውን ከጭቃ ለማዳን ሲዘል የሚውል ወጣት ነበር። ሒሳቡም አማርኛውም በሰላም አለፈ። እንግሊዝኛው ሲታደል ግን የሚጠበቀው ሆነ፤ እኛ አልጠበቅነውም እንጂ የኔታን የሚያውቅ ሁሉ ሊጠብቀው ይገባ ነበር። አርባ ልጅ አንገቱን ደፍቶ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተወዛወዘ፣ እንደ ቀፎ ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ ጥግ ብሪንግ ብሮት ይላል፤ ሌላው ጥግ ሠራዊቱን ያሰልፋል፤ የኋለኛው ረድፍ መነኮሳቱ ላይ ደርሷል። ፈታኙ መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ቀጥሎ ፈራ፤ ከዚያ ተቆጣ። «ዝም በሉ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ዝም አልን። እኛ ዝም ስንል ግን እውቀታችንም አብሮን ዝም አለ።

ሌሎቹ ቀስ በቀስ በልባቸው ማለት ቻሉ መሰለኝ። እኔ አልቻልኩም። አፌን ስዘጋ አንዱም ቃል አይመጣም፤ አፌን ስከፍት ፈታኙ ያየኛል። ያቺ ኢፍ ያለችበት ጥያቄ ላይ ስደርስ አራቱ ምርጫዎች አንድ ዓይነት ሆኑብኝ። የታላቅ እኅቴ ጎጆ ታየኝ፤ በደጇ የተሰጣው ገብስ፣ ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ድምፄን የደበቅኩ መስሎኝ፣ ያቺን ዐረፍተ ነገር በዜማዋ ጀመርኩ። ዓይኔን ስገልጥ የፈታኙ ጭቃ የነካው ጫማ ከእግሬ አጠገብ ነበር። ወረቀቴን አነሣው። «ተነሺ» አለኝ።

በረንዳው ላይ አቆመኝ። ዝናቡ ከጣራው ይወርዳል። «ለማን ነው መልስ የምታቀብይው?» አለኝ። ለማንም አይደለም አልኩት። «ክፍሉ ሙሉ በምልክት ስትነጋገሩ እያየሁ? አሁን የምትዪውን እዚሁ በይልኝ። አለዚያ ወረቀትሽን ኮርጃለች ብዬ ነው የማስረክበው፤ ይሰረዛል።» ሌላ ምንም ማለት ስላልቻልኩ አዜምኩለት። ድምፄ ቀጥኖ ቀጥኖ የራሴ አልመስል አለኝ። ኢፍ ዘ ሪቨር ሃድ ኖት ሪዝን። ስጨርስ ጥቂት አየኝና ለስለስ ባለ ድምፅ «ምን ማለት እንደሆነ ታውቂዋለሽ?» አለኝ።

«ወንዙ ባይሞላ ኖሮ» አልኩ፤ እንባዬ መጣ፣ ለፈተናው ነው የማለቅሰው፤ «እናቴ ዘንድ እደርስ ነበር።»

ፊቱ ተለወጠ። ወረቀቱን የያዘው እጁ ወረደ። «ባለፈው ክረምት ነው?» አለኝ። መሬት መሬት አየሁ። እናቴ ባለፈው እሁድ በሶዬን ቋጥራ፣ ነጠላዬን ጎትታ አስተካክላ፣ ተሳድባ ነው የሸኘችኝ። አንዲት ቃል ብናገር ኖሮ የሰውየው ሐዘን እንደመጣ ይመለስ ነበር፤ ወረቀቴም አብሮት ይሄድ ነበር። አልተናገርኩም። ወረቀቱን መልሶ እጄ ላይ አኖረው። «እግዜር ያጥናሽ» አለኝ። «ግቢና ጨርሺ። ቀስ ብለሽ በይው፤ እኔ አልሰማም።»

ጨርሼ ስወጣ የኔታን ከአጥሩ ውጭ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ባናቸውን ተከናንበው ቆመው አገኘኋቸው። መምህር ወደ ግቢው መግባት ስለማይፈቀድለት በፈተናው ቀናት ሁሉ እዚያው ነበር የሚቆሙት። ልጆቹ እየሮጡ ወደ ቤታቸው ሲያልፉ እኔ ቀረሁ። «የኔታ፣ በእናቴ ላይ ዋሸሁ» አልኳቸው፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። በሕይወት ያለችውን እናቴን በዝምታዬ እንደቀበርኳት፣ እግዜር ያጥናሽ መባሌን፣ የእርግማን ያህል እንደከበደኝ። ይስቃሉ ብዬ ነበር። ከዛፉ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«አልዋሸሽም» አሉ። «እናት ሞታለች። ያንች አይደለችም እንጂ።»

ከዚያ ዓይናቸውን ከዝናቡ ሳያነሡ ነገሩኝ። «ቅኔ ቤት ሳለሁ እናትህ ታመለች ብለው ላኩብኝ። አገሬ ወንዛዬ ነው፣ ከጉማራ ማዶ። ወርጄ ስደርስ ነሐሴ ነው፤ ወንዙ ሞልቷል። ሦስት ቀን ዳሩ ላይ ተቀመጥሁ። በሦስተኛው ቀን የለቅሶውን ድምፅ ከማዶ ሰማሁት።» ያለቀ መስሎኝ ልናገር ስል እጃቸውን አነሡ። «ለሰው ያልነገርሁት አለ። ከታች የመኪናው መንገድ ላይ ድልድይ ነበረ። ዞሮ ለሄደ አንድ ቀን ነው። አሁን ይጎድላል፣ አሁን ይጎድላል እያልሁ ነው የቀረሁ። ወንዙማ ምን አደረገ። ድልድዩን እጽፈዋለሁ ብዬ ስንት ጊዜ ጠመኔ አንሥቻለሁ፤ እጄ እምቢ ይለኛል። ሰሌዳው ላይ የምጽፍ ወንዙን ነው።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ዛሬም ሳስበው እደነግጣለሁ። ስንት ዓመት፣ ስንት ክፍል፣ ስንት መቶ የደገኛ ልጅ፣ ቆሎ በኪሱ ይዞ፣ እየተወዛወዘ፣ በማያውቀው አገር ቋንቋ ለአንዲት ለማያውቃት የወንዛዬ ሴት ሙሾ አውርዷል። የእንግሊዝኛ ትምህርት መስሎን። እሳቸው ማስመሪያቸውን እየመቱ፣ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው፣ ለቅሷቸውን በየዓመቱ ከእኛ ተቀብለዋል። እኔ በሰው ሐዘን ፈተና ያለፍኩ ሌባ ነኝ ብዬ ቆሜአለሁ፤ እሳቸው ግን እንዲህ አሉኝ፦ «በሕይወቷ በደጇ የመጣ መንገደኛ ሳታሻግር አትሸኝም ነበር፤ እኔን ብቻ ነው ያላሻገረች። ይኸው ዛሬ አንችን አሻገረች። ካለፍሽ ሻማ አብሪላት። ስመ ክርስትናዋ ወለተ ማርያም ነው።»

አለፍኩ። ሻማውንም አበራሁ። አባቴ ስንቄን አላቋረጡም፤ ዘጠነኛ፣ አሥረኛ እያልኩ ወጣሁ፣ የነርስነት ትምህርት ቤት ገባሁ። ለእናቴ ከብዙ ዓመት በኋላ ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ «በቁሜ ቀብረሽኝ ነዋ የተማርሽ!» አለች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋን ገታ አድርጋ ለወለተ ማርያም ነፍስ ይማር አለች። የኔታንም አልረሳኋቸውም ነበር፤ ለጥምቀትና ለፋሲካ ወደ አገር ስወጣ ቤታቸው ጎራ እያልኩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ፣ ያው አለቆቹንና ሠራዊቱን አንድ ዙር ሳናዜም አንለያይም ነበር። እጃቸው ሲደክም እንኳ ጎ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር።

አምና በክረምት የወንድማቸው ልጅ ደወለልኝ። «የኔታ ተኝተዋል፤ ስምሽን ይጠራሉ» አለኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ደብረ ታቦር በአስፋልት የሁለት ሰዓት መንገድ ናት። «ቅዳሜ እመጣለሁ በላቸው» አልኩት። ቅዳሜ ተረኛ ሆንኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስብሰባ ተጠራ። በሦስተኛው ቅዳሜ ምንም አልነበረም፤ እውነቱን ልናገር፣ ተነሥቼ በመስኮት ዝናቡን አየሁትና ሻዬን ይዤ ቁጭ አልኩ፤ ዛሬ ይደር፣ ትንሽ ያባራ ብዬ። ማክሰኞ ዐረፉ።

ለለቅሶ ስሄድ ጉማራ ሞልቶ ነበር። እንደዚያ ደፍርሶ፣ ዛፍ ነቅሎ ይዞ ሲወርድ አይቼው አላውቅም። በልቤ ዐረፍተ ነገሯን ጀመርኩ። ሚኒባሱ ድልድዩን ተሻግሮ ሲጨርስ እኔ ከኢፍ ዘ ሪቨር አላለፍኩም ነበር፤ ያን ያህል አጭር ነው። ለቀስተኛው መሀል የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ነበሩ፣ አንዳንዱ ከእኔ የሚያረጅ፤ ዓይን ለዓይን ስንገናኝ ትከሻችን ሳናዝዘው ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ይል ነበር። የድልድዩን ነገር የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ። ትምህርት ቤታቸውንም በዚያው አለፍ ብዬ አየሁት። መስኮቱ መስታወት ገብቶለታል፤ ልጆቹ ግስ የሚፈልጉት ከስልካቸው ነው፤ ከመሀልም ቢሆን ይጀምራሉ። ጥሩ ነው፤ ፈተና ላይ አያስይዝም። በሩ ላይ ባና የሚሰቀልበት ሚስማር ግን የለም።

ሽማግሌው ተራቸው ሲደርስ ተነሥቼ ባናቸውን ተቀብዬ ሰቀልኩላቸው። ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ ካርዱን ቀጠልኩ። ካርዱ ላይ የምጽፈው ሁሉ የሆነ ነገር ነው፤ ገባች፣ ተሰጣት፣ በላች፣ ተሻላት። ያልሆነው የሚጻፍበት መስመር ካርዱ የለውም። እኔ ግን ከአምና ጀምሮ የራሴን ዐረፍተ ነገር ልሠራ እሞክራለሁ። የኋለኛው ግማሽ ዝግጁ ነው፤ «የኔታን በሕይወት እደርስባቸው ነበር» ይላል። የጠፋኝ የፊተኛው ነው። እሳቸው ሰሌዳው ላይ የሚጽፉት ወንዝ ነበራቸው፤ እኔ ሻይ እየጠጣሁ ነበር።